ማሽኑ ምን ተጠየቀ?

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካዋ የፒትስበርግ ከተማ የነበሩ ተመራማሪዎች ቀላል የሚመስል ሥራ ጀመሩ። የሳንባ ምች ይዞት ወደ ሆስፒታል የሚመጣ ሰው ሁሉ አልጋ አያስፈልገውም፤ አብዛኛው መድኃኒት ታዞለት ቤቱ ይድናል። ጥቂቱ ግን ይሞታል። የትኛው ታካሚ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ገና በድንገተኛ ክፍል ሳለ የሚለይ የኮምፒውተር ፕሮግራም ቢገኝ፣ ሐኪሙ ማንን እንደሚያስተኛና ማንን እንደሚያሰናብት በተሻለ ያውቃል ብለው አሰቡ። የብዙ ሺህ ታካሚዎችን መዝገብ ሰብስበው በርካታ የማሠልጠኛ ስልቶችን አወዳደሩ። በትንበያ ትክክለኛነት ሁሉንም የበለጠው በወቅቱ ተማሪ የነበረው ሪች ካሩዋና ያሠለጠነው፣ ኒውራል ኔትወርክ የተባለው ፕሮግራም ሆነ።

በታካሚ ላይ እንዳይሞከር የመከረውም ራሱ ካሩዋና ነበር።

ምክንያቱ ይህ ነው። በዚያው መዝገብ የሠለጠነ፣ አሠራሩ ግን ሰው አንብቦ ሊረዳው የሚችል ሌላ ፕሮግራም አንድ እንግዳ ሕግ አውጥቶ ተገኘ፦ አስም ያለበት ሰው የሳንባ ምች ሲይዘው የመሞት ዕድሉ ከሌላው ሰው ያነሰ ነው የሚል። በሙያው አንድ ዓመት የቆየ ነርስ እንኳ ነገሩ የተገላቢጦሽ መሆኑን ያውቃል። ሆኖም መዝገቡ አልዋሸም። አስም ያለባቸው ሕሙማን አደጋቸው ከባድ መሆኑ ስለሚታወቅ፣ ገና ሲደርሱ ወደ ጽኑ ሕሙማን መታከሚያ ክፍል ይገቡ ነበር። እዚያ ቀን ከሌሊት የሚከታተላቸው ሰው ስላለ ከሌላው በተሻለ ይተርፋሉ። ፕሮግራሙ መትረፋቸውን አየ፤ ያተረፋቸውን አላየም። የፕሮግራሙ ምክር ተሰምቶ ቢሆን ኖሮ እነዚያ ሰዎች “አደጋቸው ዝቅተኛ ነው” ተብለው ወደ ቤት ይሰናበቱ፣ በሕይወት ያቆያቸውም ክትትል በዚያው ይቀርባቸው ነበር።

የአስሙ ሕግ ስለታየ ሊታረም ይችል ነበር። ካሩዋናን ያስጨነቀው ያልታየው ነው። የእሱ ኒውራል ኔትወርክ ውስጡ አይነበብም፤ ስለዚህ እንደ አስሙ ያሉ ስንት ሕጎችን አምቆ እንደያዘ ማንም ሊነግረው አይችልም። ከዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2015፣ ከባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው ጥናት ለንባብ ክፍት የሆነ ፕሮግራም በትክክለኛነት ብዙም ሳይቀንስ ሊሠራ እንደሚችል አሳይቷል። ታሪኩ በሙያው ሰዎች ዘንድ በሰፊው የሚወራ ሆኗል፤ ብዙ ጊዜ የሚወራው ግን “ማሽን ይሳሳታል” ለማለት ነው። ይህ አነጋገር የነገሩን ጭብጥ ያስታል። ማሽኑ “ማን ይሞታል?” ተብሎ ተጠየቀ፤ ለዚያም በሚገባ መለሰ። ሐኪሞቹ ለማወቅ የፈለጉት ግን “ካልታከመ ማን ይሞታል?” የሚለውን ነበር። ሁለቱ ጥያቄዎች እጅግ ይቀራረባሉ፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት የሰው ነፍስ ያህል ነው።

የሕክምና መዝገብ የበሽታ ታሪክ ብቻ አይደለም። ሰዎች ለሰዎች ያደረጉትና ያላደረጉት ተጽፎ የሚገኝበት ነው። ማን ቀድሞ ታየ፣ ለማን ምርመራ ታዘዘለት፣ ማን የላቦራቶሪ ክፍያ አጥቶ ተመለሰ፣ ማን መኪና እስኪገኝ መንገድ ላይ አደረ። ከሩቅ ወረዳ የመጣች እናት መጀመሪያ ጠበል ተጠምቃ፣ ቀጥላ ጤና ጣቢያ ሄዳ፣ በመጨረሻ ሪፈር ተጽፎላት ትልቅ ሆስፒታል ስትደርስ ካርዷ ላይ የሚሰፍረው “ዘግይታ የመጣች” የሚል ነው። ያዘገያት መንገድ፣ ያዘገያት ብር፣ ያዘገያት ፈቃድ ካርዱ ላይ ቦታ የላቸውም። ይህን የመሰለ መዝገብ የሚማር ማሽን ከዚያ ወረዳ የሚመጡ እናቶች እንደሚሞቱ ይማራል። ለምን እንደሚሞቱ የሚማርበት ዐምድ ግን የለም።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት በሕክምና ውስጥ የሚያነሣው የሥነ ምግባር ክርክር አብዛኛውን ጊዜ ማሽኑ ከሐኪሙ ይበልጣል ወይስ ያንሳል በሚል ፉክክር ይባክናል። ከዚያ በፊት የሚቀድም ነገር አለ። ሰው ሊያውቀው የሚፈልገው ብዙ ጊዜ አይለካም፤ ስለዚህ የሚለካ ነገር ይተካለታል። የሕመም ጽናት በወጪ ይተካል፤ ቸልታ ያመጣው ጉዳት በሞት ቁጥር ይተካል፤ የአንድ ሰው ኩላሊት በዘሩ ይተካል። መተካቱ በራሱ ነውር የለበትም፤ ቴርሞሜትርም የሚለካው ሙቀትን እንጂ በሽታን አይደለም። ሐኪሙ ግን ቴርሞሜትሩ ምትክ መሆኑን ያውቃል። ትኩሳት ባይኖራቸውም ፊታቸው ገርጥቶ፣ ትንፋሻቸው አጥሮ የመጡትን አዛውንት “ቁጥሩ ደህና ነው” ብሎ አይመልሳቸውም። በአዲሱ ዘመን የሚያሳስበው፣ ምትኩን ያስቀመጠው ሰው አንድ ቦታ፣ በምትኩ የሚታከመው ሰው ሌላ ቦታ መሆኑ፣ በመካከልም መተካቱን የሚያውቅ ሰው አለመኖሩ ነው።

ለዚህ ከሁሉ የጠራው ማስረጃ እ.ኤ.አ. በ2019 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣው የዚያድ ኦበርማየርና የባልደረቦቹ ጥናት ነው። የአሜሪካ ሆስፒታሎችና የጤና መድን ድርጅቶች ሕመማቸው የተወሳሰበ ሰዎችን ለይተው ተጨማሪ ክትትል ለመስጠት በሚጠቀሙበት አንድ አልጎሪዝም ላይ የተደረገ ምርመራ ነበር። አልጎሪዝሙ የታካሚውን ዘር ፈጽሞ አይጠይቅም። የሚተነብየው ግን ሕመምን ሳይሆን በሚቀጥለው ዓመት ለታካሚው የሚወጣውን ገንዘብ ነው። በዚያች አገር ጥቁር ታካሚ እኩል ታሞም ከነጩ ያነሰ ገንዘብ ይወጣለታል፤ ምክንያቱም ሕክምና የሚያገኝበት በር ይጠብበታል። አልጎሪዝሙም ይህን አይቶ “ጥቂት ስለወጣበት ጥቂት ታሟል” ብሎ ደመደመ። ተመራማሪዎቹ ይህ ግድፈት ቢታረም ተጨማሪ ክትትል ከሚያገኙት መካከል የጥቁሮች ድርሻ ከ17.7 በመቶ ወደ 46.5 በመቶ ከፍ እንደሚል አሰሉ። ከአልጎሪዝሙ ሠሪ ጋር ሆነው የሚተነበየውን ነገር ሲለውጡት፣ ወጪን ብቻ መጠየቅ ትተው ሕመምንም ሲያካትቱ፣ አድልዎው በ84 በመቶ ቀነሰ። ማሽኑ ያው ነው፤ መዝገቡም ያው ነው። የተለወጠው ጥያቄው ብቻ ነው።

ይህ ነገር አማርኛ ተናጋሪው ከሩቅ የሚያየው የሌላ አገር ጉዳይ አይደለም። በዋሺንግተን ዙሪያ፣ በሚኒሶታ፣ በሲያትል የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሐኪም ቤት ገብተው ቅጽ ሲሞሉ “ጥቁር” የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ያደርጋሉ። ያቺ ምልክት እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ኩላሊታቸው ውስጥ ትገባ ነበር። የኩላሊት ሥራ ከደም ምርመራ የሚሰላው በቀመር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣውና በአሜሪካ በስፋት የተሠራበት ቀመር ደግሞ ጥቁር ለተባለ ሰው ውጤቱን በ16 በመቶ ገደማ ከፍ ያደርገዋል። ከፍ ማለቱ ኩላሊቱን ከሌላው የተሻለ ጤነኛ ያስመስለዋል። በአገሪቱ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ወረፋ መቆጠር የሚጀምረው ውጤቱ 20 ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ነው። ያለ ጭማሪው 18 የሚሆን ሰው ጥቁር በመባሉ ብቻ 21 ገደማ ይሆናል፤ ወረፋውም ገና አልተጀመረለትም። ጎንደር ተወልዶ በሠላሳ ዓመቱ ሜሪላንድ የገባ ሰው፣ ቅድመ አያቶቹ ከምዕራብ አፍሪካ በባርነት ከተወሰዱ ሰው ጋር ምን የኩላሊት ዝምድና እንዳለው የጠየቀ ቀመር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2021 የአገሪቱ የኩላሊት ሐኪሞች ማኅበርና ብሔራዊ የኩላሊት ፋውንዴሽን ያቋቋሙት ግብረ ኃይል ዘርን የማያስገባ ቀመር ሥራ ላይ እንዲውል አሳሰበ። እ.ኤ.አ. ከጥር 2023 ጀምሮ ደግሞ ንቅለ ተከላ የሚሠሩ ሆስፒታሎች መዝገባቸውን ፈትሸው በአሮጌው ቀመር ምክንያት የዘገዩ ጥቁር ታካሚዎች የተነጠቁትን የወረፋ ጊዜ እንዲመልሱላቸው ተገደዱ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወራትና ዓመታት ተመልሶላቸዋል። ቀኑ ሳይደርስላቸው ያረፉት ግን ከዚህ ቁጥር ውስጥ የሉም።

ቀመሩ ሰው ሠራሽ አስተውሎት አልነበረም፤ በእጅ የሚሰላ ነው። በሰው ላይ በቡድኑ መፍረድም ኮምፒውተር ከመምጣቱ በፊት የነበረ ነው። በጥር 1996 እ.ኤ.አ. ማዓሪቭ የተባለው የእስራኤል ጋዜጣ፣ የአገሪቱ የደም ባንክ ኢትዮጵያውያን አይሁድ የሚለግሱትን ደም ተቀብሎ በድብቅ እንደሚያስወግድ አጋለጠ። ምክንያት ተብሎ የቀረበው በዚህ ማኅበረሰብ ውስጥ የኤችአይቪ ስርጭት ከሌላው ከፍ ያለ ነው የሚል ነበር። ሰዎቹ ክንዳቸውን ዘርግተው ሰጥተዋል፣ ተመስግነዋል፣ ሰው ያዳኑ መስሏቸው ወደ ቤታቸው ገብተዋል። ዜናው በወጣ ሰሞን ወደ አሥር ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ኢየሩሳሌም ውስጥ በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ተሰልፈው ጮኹ፤ መንግሥትም በቀድሞው ፕሬዚዳንት ይስሐቅ ናቮን የሚመራ አጣሪ ኮሚሽን አቋቋመ። ያን ውርደት የኖሩት ሰዎች እስከ ዛሬ የሚያነሡት ደሙ መመርመሩን ተቃውመው አይደለም። እያንዳንዱን ደም መርምሮ ማወቅ ሲቻል፣ ለሁሉም አንድ መልስ አስቀድሞ ተሰጥቶ መቆየቱን ነው። ያ ውሳኔ ቢያንስ የወሰነው ሰው ነበረው፣ ጋዜጠኛ ሊደርስበት የሚችል ነገርም ነበር። ዛሬ ያው ፍርድ ከሺህ ተለዋዋጮች መካከል አንዱ ሆኖ ቢደበቅ፣ ሰልፈኛው የትኛው ሕንጻ ፊት ይቆማል?

ከዚህ ሁሉ ተነሥቶ ማሽኑን ማባረር የሚቃጣው ሰው የሚያባርረውን በቅጡ ይወቅ። የስዊድኑ የጡት ካንሰር ምርመራ ሙከራ በዚህ ረገድ ልብ የሚያሳርፍ ነው። በአውሮፓ ልማድ እያንዳንዱን የጡት ራጅ ሁለት የራዲዮሎጂ ሐኪሞች ያነቡታል። የሉንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 80,000 ያህል ሴቶችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው የግማሾቹን ምስል በተለመደው መንገድ አስነበቡ፤ የቀሩትን ደግሞ መጀመሪያ ማሽኑ እንዲያየው፣ አሳሳቢ ያልመሰለውን አንድ ሐኪም፣ አሳሳቢ የመሰለውን ሁለት ሐኪሞች እንዲያነቡት አደረጉ። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የመጀመሪያ ውጤት እንደሚያሳየው በማሽን በታገዘው ወገን ከ1,000 ሴቶች በስድስቱ ገደማ፣ በተለመደው ወገን በአምስቱ ገደማ ካንሰር ተገኝቷል፤ በስህተት ተጠርተው የደነገጡት ሴቶች ቁጥር አልጨመረም፣ የሐኪሞቹ የንባብ ሥራ ግን በ44 በመቶ ቀነሰ። እዚህ ላይ የተጠየቀው ጥያቄና ሊታወቅ የተፈለገው ነገር ተገናኝተዋል። ካንሰሩ አለ ወይስ የለም? መልሱም በናሙና ምርመራ ይረጋገጣል። ምስሉን ደግሞ ሐኪም ሳያየው የቀረ ሴት የለችም።

ሰብዓዊው ሐኪምም ከስህተት የጸዳ ተደርጎ መሣል የለበትም። እ.ኤ.አ. በ1972 በእንግሊዝ የሊድስ ከተማ ቲሞቲ ዴ ዶምባል የተባለ የቀዶ ሕክምና ምሁር ድንገተኛ የሆድ ሕመም የያዛቸውን 304 ሰዎች በኮምፒውተርና በሐኪሞች አስመርምሮ አወዳደረ። ኮምፒውተሩ 91.8 በመቶ፣ ከሐኪሞቹ መካከል ከፍተኛ ልምድ ያላቸው 79.6 በመቶ ያህሉን በትክክል ለዩ። በኋላ በበርካታ ሆስፒታሎች ሥራው ሲስፋፋ ግን ከድሉ የሚበልጥ ነገር ተስተዋለ። ሐኪሞቹ ለኮምፒውተሩ መረጃ ለመሙላት የተዘጋጀላቸውን ቅጽ መጠቀም ሲጀምሩ፣ ማለትም ሕመሙ የት እንደጀመረ፣ ወዴት እንደዞረ፣ ሲያስል እንደሚብስ እንደማይብስ ለእያንዳንዱ ታካሚ ሳይዘሉ ሲጠይቁ፣ የራሳቸው ምርመራ ተሻሻለ። ማሽኑ ገና መልስ ሳይሰጥ መጠየቅን አስተምሯቸው ነበር። ይህን ቁም ነገር የዛሬዎቹ የቴክኖሎጂ ሻጮች ቢያስታውሱት ምንኛ በተወደደ።

ጥያቄው ልክ ሆኖ፣ መልሱም ልክ ሆኖ፣ ነገር ግን መልሱ የሚያርፍበት መሬት ያልታሰበበት ጊዜም አለ። ጎግል የስኳር ሕመም በዓይን ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ከሬቲና ፎቶ የሚለይ ፕሮግራም ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2016 ውጤቱን ሲያሳትም ሥልጠናው ከ128,000 በላይ ምስሎች ላይ የተመሠረተ ነበር፤ ችሎታውም ከዓይን ሐኪሞች ጋር ተስተካከለ። ወደ ታይላንድ ተወሰደ። አገሪቱ 4.5 ሚሊዮን ያህል የስኳር ሕሙማን ሲኖሯት የሬቲና ስፔሻሊስቶቿ 200 ገደማ ነበሩ፤ በአንዳንድ ክሊኒክ የፎቶው ውጤት እስኪመጣ አሥር ሳምንት ይጠበቅ ነበር። ከዚህ ይበልጥ የሚያስፈልግበት ቦታ አይገኝም።

ከዚያ ሥራው በ11 ክሊኒኮች ተጀመረ፤ የጎግል ተመራማሪዎችም የሆነውን ሳይደብቁ እ.ኤ.አ. በ2020 አሳተሙት። ነርሶቹ ፎቶ የሚያነሡበት ክፍል ሁሌ አይጨልምም፤ መብራት ሲበዛ ምስሉ ይደበዝዛል። ፕሮግራሙ ደግሞ የሠለጠነው በጥሩ ምስል ስለሆነ ጥራቱ ያልተሟላውን “አልቀበልም” ይላል። ከ1,838 ምስሎች 21 በመቶ ያህሉ እንዲህ ተመለሱ። ምስሉ የተመለሰበት ሰው፣ ነርሷ በዓይኗ አይታ ደህና መስሎ ቢታያት እንኳ፣ ሌላ ቀን ሌላ ሆስፒታል ሄዶ ስፔሻሊስት እንዲያየው ይነገረዋል። ኢንተርኔቱ ሲዘገይ ሰልፉ ይረዝማል። ለብዙዎች ሌላ ሆስፒታል መሄድ ማለት የቀን ገቢ ማጣት፣ የትራንስፖርት ገንዘብ መፈለግ፣ የሚሸኝ ሰው መለመን ነው። ይህን የሚያውቁ ነርሶች አንዳንድ ታካሚዎችን “ይቅርብዎ” ብለው መከሩ። እነዚህን ነርሶች ለውጥ ጠል ማለት ግፍ ነው። ፕሮግራሙ ሬቲናውን ሲያይ እነሱ ሰውየውን ከነመንገዱ አዩት።

ኢትዮጵያ ውስጥ ሐኪሞች ለ10 ሺህ ሰው አንድ ገደማ ናቸው፤ የራዲዮሎጂ፣ የዓይን፣ የፓቶሎጂ ስፔሻሊስቶች አብዛኞቹ በአዲስ አበባና በጥቂት ትልልቅ ከተሞች ይገኛሉ። ለዚህ ችግር ማሽን መፍትሔ ሆኖ ሲቀርብ መልካም ነው ብሎ መቀበል ይቀላል። ግን ማሽን የሚያበዛው መልስ ነው፤ ከመልሱ በኋላ የሚያክም እጅ አያበዛም። በአንድ ዞን የማኅፀን በር ካንሰር ጥርጣሬ የተገኘባቸው ሴቶች በሦስት እጥፍ ቢጨምሩ፣ የጨረር ሕክምና ወረፋው ያው ከሆነ፣ ለብዙዎቹ የተሰጣቸው ፍርሃት ብቻ ነው። የመመርመሪያ ፕሮግራም የሚገዛ መሥሪያ ቤት ከመፈረሙ በፊት ከበስተኋላ ያለውን አልጋ፣ መድኃኒትና አምቡላንስ ቢቆጥር የተሻለ ውሳኔ ይወስናል።

ከኬንያ የተገኘው ተሞክሮ ለዚህ አካባቢ ቅርብ ነው። ፔንዳ ሄልዝ የተባለው የናይሮቢ ክሊኒኮች ድርጅት ከኦፕንኤአይ ጋር ሆኖ፣ ባለሙያው ታካሚውን እየመረመረ ሲጽፍ ከበስተጀርባ የሚከታተል ፕሮግራም አስገባ። ስህተት ካልታየው አረንጓዴ፣ ካመነታ ቢጫ፣ አደጋ ካየ ቀይ ያበራል፤ ቀዩን ባለሙያው ሳያየው ማለፍ አይችልም፣ ውሳኔው ግን የእሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 በ15 ክሊኒኮች፣ ወደ 40,000 በሚጠጉ የታካሚ ጉብኝቶች ላይ የተደረገው ጥናት የምርመራ ስህተት በ16 በመቶ፣ የሕክምና ስህተት በ13 በመቶ መቀነሱን አሳየ። ጥናቱን ያካሄዱት የፕሮግራሙ ባለቤቶች መሆናቸውን፣ በታካሚዎቹ መዳን ላይ የታየ ጉልህ ልዩነት አለመኖሩንም አንባቢ ልብ ይበል። ቢሆንም አሠራሩ አክብሮት ይገባዋል። ማሽኑ ባለሙያውን ቀድሞ አይናገርም፤ መጀመሪያ ሰው ያስባል፣ ከዚያ ማሽኑ ያመሳክራል።

ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ ምን እንደሚሆን ከፖላንድ ፍንጭ መጥቷል። በአራት የሕክምና ማዕከላት ትልቁን አንጀት በካሜራ የሚመረምሩ ልምድ ያላቸው ሐኪሞች፣ ወደ ካንሰር ሊለወጥ የሚችለውን እብጠት የሚጠቁም ማሽን ተሰጣቸው። ከጥቂት ወራት በኋላ ማሽኑ በሌለበት ሲመረምሩ፣ እብጠቱን ያገኙባቸው ምርመራዎች ድርሻ ከ28.4 በመቶ ወደ 22.4 በመቶ ወረደ። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው ይህ ጥናት ብቻውን የመጨረሻ ቃል አይሆንም። መብራት በሚቋረጥበት፣ ኔትወርክ በሚጠፋበት አገር ግን የሚያሳስበው በእጥፍ ነው። ገና ኢንተርን ሳለ በማሽን አይቶ ያደገ ሐኪም ማሽኑ በጠፋ ቀን የሚመለስበት የቀድሞ ዕውቀት የለውም፤ ከመጀመሪያውም አልገነባውም።

ምስጢርም ሌላ ዕዳ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤት ለቤት ዞራ የምትይዘው የቤተሰብ ማኅደር ማን እንዳረገዘች፣ ማን የወሊድ መከላከያ እንደምትወስድ፣ ማን የቲቢ መድኃኒት እንደጀመረ ይናገራል። ሰው በሰው በሚተዋወቅበት ቀበሌ ይህ ትዳር የሚያፈርስ ዕውቀት ነው፤ እናቶች የነገሯት ስለሚያምኗት ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ምስጢሩ የት እንደሚደርስ የማያውቅ ሰው ግን መደበቁ አይቀርም። እንግሊዝ ውስጥ ሮያል ፍሪ የተባለው ሆስፒታል የ1.6 ሚሊዮን ታካሚዎችን መዝገብ ለጎግሉ ዲፕማይንድ አሳልፎ ሲሰጥ ለታካሚዎቹ በቅጡ አልነገረም፤ የአገሪቱ የመረጃ ኮሚሽነር እ.ኤ.አ. በ2017 ሕግ መጣሱን ወስኗል። ዓላማው የኩላሊት ጉዳትን ቶሎ ማወቅ ነበር፤ ዓላማው መልካም መሆኑ ግን ከጥፋት አላዳነውም። ኢትዮጵያም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አውጥታለች። አዋጁ ጤና ኬላ ድረስ መውረዱ የሚታወቀው አንዲት እናት “ይህን የነገርኩሽ ለማን ይደርሳል?” ብላ ስትጠይቅ ሠራተኛዋ የምትመልሰው ሲኖራት ነው።

ተጠያቂነትን በሚመለከት እስካሁን ከታዩት አካሄዶች ሁሉ ግልጹ ማይክል አብራሞፍ የተባለው የዓይን ሐኪም የመረጠው ነው። እሱ የመሠረተው ኩባንያ የሠራው የሬቲና መመርመሪያ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2018፣ ሐኪም ምስሉን ሳያይ ራሱ ውጤት እንዲሰጥ በአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር የተፈቀደ የመጀመሪያው መሣሪያ ሆነ። አብራሞፍ ማሽኑ ቢሳሳት ኃላፊነቱ የኩባንያው ነው አለ፤ ለዚያም መድን ገባ። ከዚህ ያነሰ ነገር የሚያቀርብ ሻጭ፣ ማሽኑ ሲሳካ የእኔ፣ ሲሳሳት የነርሷ የሚል ውል እየሸጠ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው የሥነ ምግባር መመሪያ ተጠያቂነትን ከስድስቱ መርሆዎች አንዱ አድርጎታል፤ መርሆው ዋጋ የሚኖረው በግዢ ውል ውስጥ አንቀጽ ሆኖ ሲገኝ ነው።

ይህ ሁሉ በአንድ ቦታ ተጨምቆ የሚታየው በሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ነው። ኢትዮጵያ የቲቢ ጫና ከከበደባቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች የደረት ራጅን በሐኪም ፋንታ ኮምፒውተር እንዲያነበው ማድረግ እንደሚቻል አሳወቀ። ራጅ አንባቢ በሌለበት ወረዳ ይህ ብዙ ነፍስ ሊያድን የሚችል ነገር ነው፤ በተቻለ ፍጥነት ሊደርስም ይገባል። ፕሮግራሙ ግን “ቲቢ ነው” ወይም “አይደለም” አይልም። ቁጥር ይሰጣል። ከስንት በላይ ያለው ሰው አክታው ጂን ኤክስፐርት በተባለው መሣሪያ ይመርመር የሚለውን የሚወስነው ሰው ነው፤ ድርጅቱም ለሁሉም አገር የሚሆን አንድ የመቁረጫ ነጥብ አላስቀመጠም።

የመቁረጫ ነጥቡን ዝቅ ማድረግ ማለት ብዙ ጤነኞችን አብሮ መመርመር ነው፤ አንዷ የጂን ኤክስፐርት ካርትሪጅ፣ አምራቹ እ.ኤ.አ. በ2023 ከቀነሰው በኋላ እንኳ፣ ስምንት ዶላር ያህል ታወጣለች፣ የወረዳው ካርትሪጅም የበጀት ዓመቱ ከማለቁ በፊት ያልቃል። ከፍ ማድረግ ማለት ደግሞ እየሳለ የመጣን ሰው ደህና ነህ ብሎ መመለስ፣ ልጆቹ ወደሚተኙበት ክፍል መላክ ነው። ስንት ካርትሪጅ ለስንት ያመለጠ በሽተኛ? ይህን ማሽኑ አያውቅም፤ የተጠየቀውም ይህን አይደለም። የሚወስኑት የበጀት ሰንጠረዥ ፊት የተቀመጡ ጥቂት ሰዎች ናቸው። ቀድሞ ቲቢ የያዘው ሰው ሳንባው ላይ ጠባሳ ስለሚኖር ቁጥሩ ከፍ ይላል፤ ኤችአይቪ በደሙ ያለ ሰው ግን ቲቢ እያለበትም ራጁ ንጹሕ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ለአንዱ ከተማ የተመረጠው ነጥብ ለሌላው ላይሠራ ይችላል። አምራቹ ፕሮግራሙን ባሻሻለ ቁጥር ደግሞ የቁጥሮቹ ትርጉም ይለወጣል፤ በአሮጌው 50 ያገኘ ሳንባ በአዲሱ ሌላ ቁጥር ሊያገኝ ይችላል። ራጅ የሚያነሣው ባለሙያ ስለ ለውጡ የሚሰማው ከማን ነው? የመቁረጫ ነጥቡ የተወሰነበት ቃለ ጉባኤ የት ይገኛል? ነጥቡ ከተመረጠ በኋላ ያመለጡትን በሽተኞች እየቆጠረ ለስብሰባው የሚያቀርብ ሰው ተመድቧል?